ደመናው የተሰረዘበት ግጥም

ልጅ እያለሁ የሚያስፈራኝ ጅብ አልነበረም፤ ጥርት ያለ ሰማይ ነበር። ይህን ለአዲስ አበባ ሰው ስናገር ቀልድ ይመስለዋል። በቴሌቪዥን የአየር ጠባይ የምታቀርበው ወጣት «ነገ በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ሰማዩ ጥርት ብሎ ይውላል» ብላ ፈገግ ስትል፣ እኔ ሶፋዬ ላይ ተቀምጬ ትከሻዬ ይሰበሰባል። ልጅቱ ምንም አላጠፋችም። እሷ የተወለደችው ሰማይ የፎቶ ማሳመሪያ ከሆነ ወዲህ ነው።

በቅርቡ አንድ የሥነ ጽሑፍ ጉባኤ ላይ ተጋብዤ ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ የምሄደው ለመከራከር ነው፤ ለምሳው ነው የሚሉኝም አሉ። አንድ ምሁር ተራራና ወንዝ ስለሚያወድሱት፣ ሮማንቲክ ስለሚባሉት የባሕር ማዶ ግጥሞች ሰፊ ንግግር አደረገ። የግጥም የመጨረሻ ምስል የግጥሙን ስሜት ይወስናል አለ። እስከዚህ ድረስ ተስማማሁ፤ እኔም በመስማማቴ ደነገጥኩ። ቀጥሎ ግን ፀሐይ ስትወጣ የሚያልቅ ግጥም የተስፋ ነው፣ በጥቁር ደመና የሚያልቅ የሐዘን ነው፣ ይህም በሰው ልጅ ሁሉ ዘንድ አንድ ነው አለ። እጄን አወጣሁና «በየትኛው ወረዳ?» ብዬ ጠየቅሁት። አዳራሹ ሳቀ። ምሁሩም ሳቀ። እኔ የምሬን ነበር።

እኔ ያደግሁት መካነ ሰላም ነው። ነፋሱ የማይታክትባት፣ ጠዋት ጠዋት የባሕር ዛፍ ቅጠልና የኩበት ጢስ ሽታ የሚቀድምባት፣ አዛኑና የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተራ የሚጠባበቁባት ከተማ ነበረች። እናቴ ማርያምን ከጠራች በኋላ «ወላሂ» ብላ የምትምል ሴት ነበረች፤ ሁለቱም የሚሰሟት ይመስላታል። ጎረቤታችን ሸህ ይመር ደግሞ ጠብ ሲነሳም፣ ሠርግ ሲደገስም፣ በሬ ሲሰረቅም የሚጠሩ ሽማግሌ ነበሩ። የሚጠሩት ነገሩን እንዲፈቱት ብቻ አልነበረም፤ እንዲዘጉት ነበር። በእኛ አገር ሰዎች ተሰብስበው የተነጋገሩት ነገር ምንም ይሁን ምን፣ ያለ ምርቃት አይበተኑም። ክፉ ቃል መጨረሻ ላይ ተነግሮ ሰው ወደየቤቱ ከሄደ፣ ያ ቃል ተከትሎት ቤት ይገባል ይባላል። ስለዚህ ሸህ ይመር ይነሱና መዳፋቸውን ዘርግተው «መጨረሻውን ያሳምረው» ይላሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም «አሚን» ይላል። ያን ጊዜ ነው ሰው ነጠላውን አራግፎ የሚነሳው።

የሸህ ይመር የልጅ ልጅ ዘሀራ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ትጋራ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከከተማው በላይ ባለው ጉብታ ላይ በጀርባችን እንተኛና ከሰማዩ ላይ አንዳንድ ደመና እንመርጣለን። የመረጥነውን «በሬዬ» እንለዋለን። ጨዋታው የማን በሬ ቀድሞ ማዶ ካለው ተራራ ይደርሳል ነው። ሌሎቻችን ነጭና ለስላሳ የሆነውን እንሻማለን። ዘሀራ ሁልጊዜ ጥቁሩን ነበር የምትወስደው። «ነጭ በሬ ያምራል እንጂ አያርስም» ትለን ነበር።

የሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ሐምሌ ሲጋመስ፣ ዝናቡ ግድግዳ አቁሞ ጣራ ሳይመታ እንደሚጠፋ አናጺ ጥሎን ሄደ። በልጉ ቀድሞውኑ አልመጣም ነበር። ገብሱ ሳይቋጥር ቆመ፣ ቆሞ ነጣ። ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ጉብታው ላይ ተኝተን ሽቅብ አየን። አንድም በሬ የለም። ዘሀራ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና «ሁሉም ታርደዋል» አለች። ከዚያ ወዲያ ያን ጨዋታ አልተጫወትነውም።

ከቆላው ሰዎች መምጣት የጀመሩት በዚያው ሰሞን ነው። መጀመሪያ የሚመጡት ከብት እየነዱ ነበር፣ ቀጥሎ ልጆቻቸውን አዝለው፣ በመጨረሻ ምንም ሳይዙ። እናቴ የሳማ ቅጠል ቀቅላ ንፍሮ ላይ ትጨምር ነበር። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ ዛሬ ከተማ ውስጥ «ጤናማ ምግብ» ብለው ሲያቀርቡልኝ የማልበላው ለዚህ ነው።

መምህር ጌታሁን የእኛ ግቢ ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። የደሴ ልጅ ነው። በዚያ ወጣት ሁሉ ጥፋተኛ በነበረበት ዘመን ታስሮ፣ ከእስር ሲወጣ አማርኛና እንግሊዝኛ እንዲያስተምር ወደ እኛ ተላከ። መመደብ ይሉታል፤ ቀድሞ ግዞት ይባል የነበረው ነው። ደሴ ውስጥ ዓይኗ እየደከመ የሄደ፣ ብቻዋን የምትኖር እናት ነበረችው። ከታሰረ ወዲህ አላየችውም። እሱ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእናቱ ዓይን ጨርሶ ሳይጠፋ አንድ ጊዜ እንድታየው። እናቴ ይህን ታውቃለች፣ እኛም እናውቃለን። ከሁሉ በላይ ደግሞ የአውራጃው የርዕዮተ ዓለም ኃላፊ ጓድ በላቸው ያውቃል። ዝውውር መፍቀድም መከልከልም በእሱ እጅ ነበር።

ክረምቱ ሳይገባ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ መምህር ጌታሁን ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዞ ክፍል ገባ። ስለ ሐይቅና ስለ ብቸኛ ሰው የሚያወራ ግጥም ወደ አማርኛ እየመለሰ ነገረንና የመጨረሻውን ስንኝ በመዳፉ ሸፈነው። «እናንተ ጨርሱት» አለን። አንዱ በጀልባ ጨረሰው፤ ጀልባ አይቶ አያውቅም። እኔ ጨረቃ አወጣሁለት፤ አሁን ሳስበው በጣም የተለመደ ነው። ዘሀራ በተዘጋ በር ጨረሰችው። ያው ሐይቅ ነው፣ ያው ሰውዬ ነው፤ በእሷ በር ግን ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ የቀዘቀዘ መሰለን።

«አያችሁ፣» አለ መምህር ጌታሁን፣ «ጨው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ግን ወጡን ሁሉ ያዳርሰዋል።»

«ጋሼ፣ የእኔም አያት እንዲሁ ነው የሚሉት፣» አለች ዘሀራ። «ነገር በኸይር ካልተዘጋ የፊቱም ይከፋል ይላሉ።»

«አያትሽ ቢያስተምሩ ይሻል ነበር» አላት። እሷም ፈጠን ብላ «ደመወዙን ይስጧቸውና ይመጣሉ» አለችው። ብዙ ያነበብኩ ሰው ነኝ ብዬ ነው የምኖረው። ከዚያ ክፍለ ጊዜ በኋላ ስለ ግጥም አዲስ ነገር የተማርኩበት ቀን ብዙ ትዝ አይለኝም።

ነሐሴ ላይ ትእዛዝ መጣ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት መስከረም ሁለት በድምቀት ይከበራል፣ ትምህርት ቤቱም ግጥም ያቀርባል። ገጣሚው መምህር ጌታሁን፣ አንባቢዋ ዘሀራ እንዲሆኑ ተወሰነ፤ በከተማው ውስጥ ያለ ድምፅ ማጉያ ከጉብታው የሚሰማ ድምፅ የነበራት እሷ ብቻ ናትና። ጓድ በላቸው መምህሩን ቢሮው ጠርቶ፣ በዓሉ ካማረ ጥቅምት ሳይገባ ደሴ ትገባለህ፣ ካላማረ ግን የበፊቱ ታሪክህ እንደገና ይነሳል ብሎት ነበር። መምህሩ ይህን ሲነግረን ከእናቴ ጓዳ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ እየሳቀ ነው የነገረን፣ እጁ ግን ከበሩ እንጨት ስንጥር ይልጥ ነበር።

ግጥሙን በሳምንት ውስጥ ጻፈው። ዘሀራ ግቢያችን ውስጥ ካለው የወፍጮ ድንጋይ ላይ ቆማ ስትለማመድ የግቢው ሰው ሁሉ ሸመደደው፦

ተራራው ዝም ቢልም፣ የወንዝ ድምፅ ቢጠፋ፣
ገብሱ እንዳዘነ ሰው፣ አንገቱን ቢደፋ፣
ንብ አበባ አጥታ፣ ባዶ ቀፎ ብታድር፣
በሬው ቀንበር ረስቶ፣ ቢተኛ ከምድር፣
ደጃፌ ላይ ቆሜ፣ ማዶ ማዶውን ሳይ፣
ደመናው ጠቆረ፣ ከተራራው በላይ።

ትልቅ ግጥም አይደለም። ከዚህ የተሻሉ ብዙ አንብቤያለሁ። ግን እናቴ የመጨረሻውን ስንኝ በሰማች ቁጥር ሳታስበው ወደ ሰማይ ቀና ትል ነበር። ሸህ ይመርም በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ይቆሙና እስኪያልቅ ጠብቀው «አሚን» ብለው ነበር የሚሄዱት። አምስት ስንኝ ሙሉ የደረሰብንን ቆጥሮ ቆጥሮ፣ በስድስተኛው የምንለምነውን ሰጠን። እኛ ዘንድ ጥቁር ደመና ማለት ይህ ነበር።

ጓድ በላቸው ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን መጻፍ ይቀለኝ ነበር። ከሌላ ክፍለ ሀገር ከተማ የመጣ፣ ጫማው የተወለወለ፣ እንግዳ ሲያገኝ ቀድሞ እጁን የሚዘረጋ፣ እናቴን «እናት» የሚል ሰው ነበር። በሕይወቴ ያየሁት የመጀመሪያው ሐያሲም እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ካየኋቸው ጋር ሳወዳድረው መጨረሻ አይወጣም። አንድ እሑድ ከሰዓት ግጥሙን ሊያይ እኛ ቤት መጣ። እናቴ ጠላ ቀዳችለት፤ የዚያን ዓመት ጠላ ከውሃ የሚለየው በቀለሙ ብቻ ነበር። አንብቦ ሲጨርስ ቀይ እስክሪብቶውን አወጣ።

«ጓድ መምህር፣ ይህ ደመና ምንድን ነው የሚወክለው?»

«ደመናን ነው፣ ጓድ።»

«እሱማ ይገባኛል። በትግላችን አሥረኛ ዓመት ላይ ሕዝቡን ጥቁር ደመና ይዘህ ግባ ልንለው ነው? ድርቁን ማንሳትህን አልቃወምም። ችግር አለ፣ እናውቃለን። ግን የመጨረሻው መስመር ብርሃን መሆን አለበት። ይህ ጨለምተኝነት ነው።»

«ገበሬው እኮ ጓድ...» ብሎ መምህር ጌታሁን ጀመረና ቆመ። ቆሞ ወደ እናቴ አየ። እናቴ ማሰሮዋን አስቀመጠች።

«ጓድ በላቸው፣ ኧረ እርስዎ፣ ደመናውን ተዉልን። እሱን ስንለምን አይደል እንዴ የከረምነው፣ ወላሂ።»

ጓድ በላቸው ከልቡ ሳቀ። «እናት፣ ይህ ሥነ ጽሑፍ ነው» አላት። ከዚያም ስንኙን በአንድ መስመር ሰረዘና ከሥሩ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ የራሱን ጻፈ፦

ቀይዋ ፀሐይ ወጣች፣ በጠራው ሰማይ ላይ።

እውነቱን ለመናገር ስንኙ ቤት ይመታል፣ ልኩም አልጎደለም። ሰውየው ጆሮ ነበረው። ያጣው ሰማዩን ቀና ብሎ ማየት ብቻ ነው።

በማግስቱ ዘሀራ አዲሱን መጨረሻ ይዛ የወፍጮው ድንጋይ ላይ ወጣች። አንዴ አነበበችው።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ያስፈራል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?»

«እናቴ ደሴ ናት፣ ዘሀራ» አላት። እሷም ወደ ስንኙ ተመለሰች። እስኪለምዳት ድረስ ደጋግማ አለችው፤ በየመሐሉ አሮጌው ስንኝ እያመለጣት እየመጣ፣ እየመለሰችው።

መስከረም ሁለት ቀን ሜዳው በቀይ ጨርቅ ተሸፈነ። የእንጨት ቅስት ቆመ፣ ሦስት ጢማም የውጭ ሰዎች ተሰቀሉበት። በቅስቱ ላይ በትልልቅ ፊደል «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን!» ተብሎ ተጽፏል። ተፈጥሮ ከላይ ሆና ታነበዋለች። ገበሬው በየማኅበሩ ተጠርቶ በሰልፍ ቆመ፤ አንዳንዱ እንዳይወድቅ በዱላው ላይ ተንጠልጥሏል። ከቆላ የመጡት ሰዎች እንግዶች እንዳያዩአቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ እንዲቀመጡ ተደርገዋል። ድምፅ ማጉያው ግን አጥር አያውቅም።

ንግግሮቹ አለቁ፤ ያለቅነው እኛ ካልሆንን። ከዚያ ዘሀራ በካኪ ዩኒፎርሟ፣ አንገቷ ላይ ቀይ ጨርቅ አስራ ወጣች። ከመጀመሪያው ስንኝ ሜዳው ጸጥ አለ። ሰው ስለ ትግል ሲነገረው ነው የዋለው፤ ስለ ገብሱ የነገረው አልነበረም። «ንብ አበባ አጥታ» ስትል ከፊቴ የቆሙ ሴት ራሳቸውን ወዲያና ወዲህ መነቅነቅ ጀመሩ። «ቢጠፋ፣ ቢደፋ፣ ቢተኛ» እያለች ስትቆጥር ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። እንዲህ ብሎ መከራ የሚቆጥር ሰው መጨረሻ ላይ የሚያመጣው ነገር እንዳለ የእኛ ሰው ያውቃል። ለቅሶውም፣ ሽምግልናውም፣ ዱዓውም በዚህ መንገድ ነው የሚሄደው። ሜዳው ሙሉ ኸይሩን እየጠበቀ ነበር።

ዘሀራ በተማረችው መሠረት ቀኝ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «ቀይዋ ፀሐይ ወጣች፣ በጠራው ሰማይ ላይ» አለች።

ሕዝቡ ሁሉ እጇን ተከትሎ ቀና አለ። ሰማዩ ልክ እንዳለችው ነበር። ከዳር እስከ ዳር ጥርት ያለ፣ አንዲት ጭረት የሌለበት፣ ሰማያዊ። ጓድ በላቸው ለማጨብጨብ እጆቹን አነሳ። በዚያው ቅጽበት ከአጥሩ ጀርባ አንዲት ሴት «ወየው» አለች። አንዴ ብቻ፣ ረጅም። ከዚያ ሌላዋ ተቀበለቻት። ከዚያ ከፊቴ ያሉት ሴት ደረታቸውን ያዙ። ለቅሶው ከአጥሩ ጀርባ ወደ ሜዳው፣ ከሜዳው ወደ ሰልፈኛው ገባ። የሞተ ሰው ስም ሳይጠራ የሚለቀስ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ሰማሁ። የግጥሙ የፊተኞቹ አምስት ስንኞች ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሰው መርዶ ሆኑ። ዘሀራ እጇ ሽቅብ እንደተዘረጋ ቀረ፤ ማውረዱን ረሳችው።

ሸህ ይመር በዱላቸው ተደግፈው ከሽማግሌዎቹ መሐል ተነሱ። ማንም አልፈቀደላቸውም፤ ማንንም አልጠየቁም።

«ወገኖቼ፣» አሉ፣ «ጉባኤ በዚህ አይዘጋም። ይህን ይዘን ቤታችን አንገባም። እጃችሁን ዘርጉ።»

ሜዳው መዳፉን ዘረጋ። እናቴም፣ ቄሱም፣ ሰልፈኛውም።

«ያ ረቢ፣ የነጣውን ሰማይ አጥቁርልን።»

«አሚን።»

«ከተራራው በላይ ደመናውን መልስልን።»

«አሚን።»

«የልጅቷን አፍ በኸይር ዝጋልን። መጨረሻውን አሳምርልን።»

«አሚን!»

መድረኩ ላይ ከደሴ ከመጡት እንግዶች አንዱ፣ ወፍራም ሰውዬ፣ የወሎ ልጅ መሆኑ በኋላ ነው የገባን፤ እሱም ሳያስበው መዳፎቹን ዘርግቶ ነበር። ጓድ በላቸው ሲያየው ሰውዬው እጆቹን አጣጥፎ ኪሱ ከተታቸው፤ መሐረብ የሚፈልግ መሰለ። ሸህ ይመር የተሰረዘውን ስንኝ ያወቁት በአጥሩ በኩል እየሰሙ ነው። ጓድ በላቸው በቀይ እስክሪብቶ ያወጣው ደመና በድምፅ ማጉያ ሳይሆን በሺህ አፍ ተመልሶ ገባ።

እዚህ ላይ ዝናቡ መጣ ብዬ ብጽፍ ደስ የሚለው አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። አልመጣም።

በማግስቱ የግምገማ ስብሰባ ተጠራ። እናቴ በሴቶች ማኅበር በኩል ገብታ ነበርና የሆነውን የነገረችን እሷ ናት። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ሕዝቡን ያስለቀሰው ማነው? ስንኙን የጻፈው ማን እንደሆነ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። መምህር ጌታሁን ግን ተጠይቆ «ግጥሙ የኔ ነው» ብቻ ብሎ ተቀመጠ። እናቴ መታገስ አልቻለችም።

«ጓድ፣ ልጅቷ እርስዎ የጻፉትን እኮ ነው ያለችው» አለች ብድግ ብላ።

ጓድ በላቸው ከመቀመጫው ተነሳ አለችን። ፊቱ እንደ ሕፃን ቀላ። በኋላ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ችግሩ ከመስመሩ ሳይሆን ከአነባበቡ ነው። ልጅቷ በለቅሶ ዜማ እንድታነበው ተደርጋለች» አለ። ይህንንም ከሐያስያን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሸህ ይመርና ሌሎች ሽማግሌዎች ቢሮው ድረስ ሄደው ለመኑት፤ በአክብሮት ተቀብሎ፣ አስቀምጦ፣ በአክብሮት ሸኛቸው።

መኪናዎቹ የመጡት በጥቅምት ነው። የተራቡትን ወደ ምዕራብ፣ ውሃ ወዳለበት አገር ለማስፈር ተብሎ። መምህር ጌታሁን ሰፋሪዎቹን ፊደል እንዲያስተምር በፈቃዱ ዘምቷል ተባለ። በፈቃዱ መሆኑን የነገሩት ሁለት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ናቸው። እናቴ በሶ ቋጥራ ሰጠችው። ሲሳፈር ጠዋቱ ይበርድ ነበር፣ ሰማዩ ደግሞ እንደዚያው ጥርት ብሏል። ዘሀራ ከመኪናው ጎን ቆማለች።

«የትኛውን ነው የያዝሽው?» አላት ከላይ ሆኖ።

«የፊተኛውን። የኋለኛውን ለጓድ በላቸው ተውኩላቸው።»

ሳቀ። ከዚያ አቧራው ሸፈነው።

መንገዱ በደሴ ነው፤ ያን ጊዜ ሌላ መውጫ አልነበረም። መኪናዎቹ ደሴ ላይ ቆመው ይሁን ሳይቆሙ፣ ይውረድ ብለውት ይሁን ሳይሉት፣ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። የእናቱ ቤት ከዋናው መንገድ ብዙም አይርቅም ነበር። ከዚያ ወዲያ ከእሱ የሰማ የለም። የሰፈራው ቆላ ወባ እንደነበረው፣ መጀመሪያ ያለቁትም ደገኞቹ እንደሆኑ የተመለሱት አወሩ። ሸህ ይመርም በዚያው በጋ በተስቦ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ማን ይመርቅ የሚለው ጉዳይ ሰውን ለጥቂት ጊዜ አቆመው። ጓድ በላቸው ደግሞ አድጎ ተዛወረ።

ከጉባኤው በኋላ ወሎ ውስጥ ደጎሎ የምትባል ከተማ ሄጄ ዘሀራን አገኘኋት። እህል ነጋዴ ሆናለች፤ ስንዴ በመዳፏ እያፈሰሰች ነው የምታወራው። ድምፅዋ ጎርናናና ወፍራም ሆኗል፣ አሁንም ግን ከጉብታ ይሰማል። የጉባኤውን ወሬ ስነግራት፣ የምሁሩን ፀሐይና ደመና ስነግራት፣ ሳቀችብኝ። «አንተ ዛሬም ከሰው ጋር ትጣላለህ?» አለችኝ። ከዚያ እኔ የማላውቀውን ነገረችኝ።

ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ደሴ ስትገባ መጀመሪያ የፈለገችው የመምህር ጌታሁንን እናት ቤት ነበር። አገኘቻቸው። ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል። የልጃቸው ተማሪ መሆኗን ስትነግራቸው እጇን ያዙና የት ነው ብለው አልጠየቋትም፤ ያን ጥያቄ ለብዙ ሰው ጠይቀው ብዙ ውሸት ሰምተዋል። ያስተማረሽ ነገር ካለ አሰሚኝ አሏት። ዘሀራ ግጥሙን ጀመረች። ተራራውን፣ ገብሱን፣ ንቧን፣ በሬውን አለፈች። «ደጃፌ ላይ ቆሜ፣ ማዶ ማዶውን ሳይ» ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እህ፣» አሉ እናትየው እጇን ነቅነቅ አድርገው፣ «ምን አየ?»

«ደመናው ጠቆረ፣ ከተራራው በላይ።»

አሮጊቷ ወደ በሩ ዞሩ። ከዚያ ፊታቸው ፈታ አለ።

«እንግዲያ ደህና ነው ልጄ» አሉ። «ደመና ያየ ሰው ወደ ቤቱ ነው የሚሮጠው።»

«ምን አልሻቸው?» አልኳት ዘሀራን።

«አሚን አልኳቸው» አለች፣ ስንዴውን ከመዳፏ እየለቀቀች። «ሌላ ምን እላለሁ።»

ትናንት ከሰዓት የእኛም ሰፈር ሰማይ ጠቆረ። ባለቤቴ ልብስ ከገመድ ላይ እየሰበሰበች ነበር። ትንሿ ልጄ ቦርሳዋን ራሷ ላይ ደፍታ በግቢው በር ሮጣ ገባች፣ «ኤጭ፣ ምን ዓይነት ደባሪ አየር ነው» እያለች። የምከራከራት ነገር ነበረኝ፤ ተውኩት። ደመና የሚደብረው ልጅ ማሳደግ ቀላል ነገር አይደለም፤ በእኛ ጊዜ የቻለ አልነበረም። በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ጥቁሩን በሬ መረጥኩና መድረሻውን ጠበቅሁ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቆርቆሮውን ሲመቱት ባለቤቴ ከውስጥ ሆና በሩ ክፍት ነው፣ ዝጋው እንጂ አለችኝ።

ቆይ፣ አልኳት። የሚገባ ሰው ይኖራል።